«የአሜሪካ ኢትዮጵያ» በሀይዌይ 61 ላይ

በ1985 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጥቁሮች መብት ታጋዩ ቄስ ጄሲ ጃክሰን በሚሲሲፒ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወዳለች ቱኒካ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። «ሹገር ዲች» በሚባለው ሰፈር ሰዎች ክዳን በሌለው የፍሳሽ ቦይ ዳር፣ በዘመሙ ጎጆዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቄሱ ያዩትን አይተው አካባቢውን «የአሜሪካ ኢትዮጵያ» አሉት።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ምስል በየአገሩ ቴሌቪዥን የሚታይበት ጊዜ ነው። ታሪኩን መጀመሪያ የነገረኝ በሜምፊስ ከተማ (ከሚሲሲፒ በስተሰሜን፣ ቴነሲ ግዛት) የሚሠራ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። የአገሬን ስም ስነግረው ሳቅ ብሎ «እኛንም በዚያ ስም ጠርተውን ያውቃሉ፤ የቱኒካ ልጅ ነኝ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ስማችን የረሃብ መለኪያ መሆኑን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ እሱ አልነበረም የከነከነኝ። ያልገባኝ እዚያ ምን ጎድሎ ነው የሚለው ነበር። የእኛን ረሃብ ዓለም «ድርቅ» ብሎ ነው የተረዳው። (የእኛም ቢሆን ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የቱኒካ ሰው ግን በአሜሪካ ምድር፣ በዓለም ካሉ ለም መሬቶች አንዱ ላይ ተቀምጦ ነው የተራበው።

ሪፈር፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ያለው ትራክ ነው የምነዳው። በዚያ መንገድ የምመላለሰው የቀዘቀዘ አምባዛ ለመጫን ነው። ከሜምፊስ ተነስታችሁ በሀይዌይ 61 ወደ ደቡብ ስትወርዱ መሬቱ እንደ ምጣድ ይዘረጋል። አካባቢውን «ዴልታ» ይሉታል፤ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ግን አይደለም። በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል ያለ፣ ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት ደለል እያመጣ ያነጠፈው ሜዳ ነው። ድንጋይ አይታይም። አፈሩ ጥቁርና ከባድ ነው። አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ጥጥ፣ ከዚያ ደግሞ አራት ማዕዘን ተደርገው የተቆፈሩ የአምባዛ ኩሬዎች ይፈራረቃሉ። የገበሬ ልጅ የሆነ ሰው ይህን አፈር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። እኔ መኪና አቁሜ በእጄ ዘግኜ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ከተሞቹ ይመጣሉ። ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች መስኮታቸው በጣውላ ተመቷል። ክፍት ሆነው የሚገኙት ርካሽ ዕቃ የሚሸጠው የዶላር ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ እና «ደሞዝ እስኪደርስ» ብድር የሚሰጠው ቤት ናቸው። በዚያ ቤት በ100 ዶላር ላይ 20 ዶላር ገደማ አስከፍሎ ለጥቂት ሳምንታት ማበደር በሚሲሲፒ ሕግ የተፈቀደ ንግድ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረታችን እዚህ ወንዝ ዳር ቢተረት ማንም ትርጉሙን አይጠይቅም ነበር።

ሚሲሲፒ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ሁሉ ድሃ ተብሎ የሚጠራው በዘፈቀደ አይደለም። ከአምስት ነዋሪ አንዱ ገደማ ከድህነት መስመር በታች ነው፤ ሕፃናቱን ብቻ ስትቆጥሩ ከአራት አንድ ይጠጋል። ግን በ1860፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ፣ ይኸው ግዛት ከአሜሪካ ሁሉ በጥጥ ምርት ቀዳሚ ነበር። የዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ከመቶ 55ቱ ባሪያዎች ነበሩ። ስለዚህ ሀብት አልነበረም ማለት አይቻልም። ሀብቱን የሚያመርተው ሰው ራሱ በሀብት መዝገብ ውስጥ የተጻፈ ንብረት ነበር እንጂ።

ባርነቱ ቀርቶ የመጣውን ሥርዓት ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጭሰኝነት ነው። መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የአራሹ፣ ምርቱ እኩል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ዱቄቱን፣ ጫማውን አራሹ ዓመቱን ሙሉ ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ዋጋውን የሚጽፈው ባለሱቁ፣ ወለዱን የሚያሰላውም እሱ ነው። በታኅሣሥ ሒሳብ ይተሳሰባሉ። አራሹ ከዕዳ ነፃ ከወጣ ጎበዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሒሳቡ ተሳስቷል ብሎ የሚሟገትበት ፍርድ ቤትም፣ የሚመርጠው ዳኛም የለውም፤ የ1890ው የግዛቱ ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብርና የንባብ ፈተና አምጥቶ ጥቁሮችን ከምርጫ መዝገብ ጠራርጎ አስወጥቷቸዋል። «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣ ትውልድ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ አዲስ አይሆንብንም።

አንድ ቀን አምባዛ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ደጅ ላይ ጭነት እየጠበቅሁ (መጠበቅ የዚህ ሥራ ግማሹ ነው) ሰባዎቹን የዘለሉ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ወሬ ጀመርን። ልጅ ሆነው ጥጥ ለቅመዋል። «ትምህርት ቤታችን የሚዘጋው በጥጡ ነበር» አሉኝ። የአረምና የለቀማ ወቅት ሲመጣ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የነጮቹ ልጆች ይማራሉ። «ማንበብ የተማርኩት ሠራዊት ውስጥ ገብቼ ነው ልጄ» አሉ። ምሬት አልነበረባቸውም። ቁጣዬን ያዩት መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው ወሬውን ወደ ልጅ ልጃቸው አዞሩት።

ያ የለቀማ ሥራ ዘላለም አልቆየም። በጥቅምት 1944 ክላርክስዴል ከተማ አጠገብ በሚገኝ ሆፕሰን የሚባል እርሻ ላይ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን በይፋ ተሞከረ። አንዱ ማሽን የ50 ሰው ሥራ ሠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርታት ሕዝቡ በባቡር ወደ ቺካጎ፣ በሀይዌይ 61 ወደ ሜምፊስና ወደ ሴንት ሉዊስ ነጎደ። የቀረው የቀረበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እናት መጦር፣ የጉዞ ገንዘብ ማጣት፣ ወይም ደግሞ አገሬ ነው ብሎ።

አሁን ወደ 1967 ልሂድ። ስለዚህ ግዛት ሳነብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያ ዓመት ነው።

የዴልታ የቀን ሠራተኛ ያኔ ለአንድ ሙሉ ቀን አረም የሚከፈለው 3 ዶላር ነበር። በየካቲት 1967 ትልልቅ እርሻዎች በሰዓት ቢያንስ 1 ዶላር እንዲከፍሉ የሚያዘው የፌዴራል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ጥሩ ሕግ ነው። ባለእርሻዎቹ ግን አስልተው አዩት፤ የአረም መድኃኒት ከሰው እየረከሰ መጥቷል። ሰዉን አሰናበቱ። በዚያው ሰሞን አውራጃዎቹ ቀደም ሲል በነፃ ያድሉት የነበረውን የእርዳታ ዱቄትና ሩዝ ትተው ወደ ምግብ ቴምብር ተሻገሩ። ቴምብሩ ደግሞ በነፃ አይሰጥም ነበር፤ ትገዛዋለህ፤ በገዛህበት ዋጋ ላይ መንግሥት ይጨምርልሃል። አንድ ዶላር የማይገባበት ቤት ምን ይዞ ይገዛል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ። ይህ «መጀመሪያ ግዛ» የሚለው ደንብ በሕግ የተሻረው በ1977 ነው።

በሚያዝያ 1967 ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ መጡ። ማሪያን ራይት የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ በዋሽንግተንና በግዛቱ ዋና ከተማ በጃክሰን በሴናተሮች ፊት ቀርባ ሰዎች እየተራቡ ነው ብላ መስክራ ነበርና፣ ኬኔዲ በዓይናቸው ሊያዩ ክሊቭላንድ ወደምትባለው የዴልታ ከተማ ሄዱ። በአንድ ጨለማ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ፍርፋሪ የሚለቅም ሆዱ የተነፋ ሕፃን አገኙ። ሊያጫውቱት ሞከሩ፤ ሕፃኑ ዞር ብሎም አላያቸውም። ፎቶና ዜና ብዙ ወጣ።

በዚያው ዓመት እዚያው አጠገብ፣ ማውንድ ባዩ ላይ፣ ጃክ ጋይገር የሚባሉ ሐኪም የገጠር ጤና ጣቢያ ከፈቱ። ማውንድ ባዩ ከባርነት የወጡ ሰዎች በ1887 ለራሳቸው የመሠረቷት ከተማ ናት። ወደ ጣቢያው የሚመጡት ሕፃናት ሕመማቸው ረሃብ ነበር። ሐኪሞቹ ታዲያ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ወተት፣ ሥጋ፣ አትክልት ብለው ይጽፋሉ፤ ቤተሰቡ ወረቀቱን ይዞ ግሮሰሪ ይሄዳል፤ ሒሳቡ ከጣቢያው የመድኃኒት በጀት ይከፈላል። ከዋሽንግተን የገንዘቡ ባለቤቶች ይህ እንዴት ይሆናል ብለው መጡ፤ የመድኃኒት በጀት ለመድኃኒት ነው። ጋይገር በመማሪያ መጽሐፋቸው መሠረት ለምግብ እጦት የተመደበው መድኃኒት ምግብ መሆኑን ነገሯቸው። ሰዎቹ የሚመልሱት አጥተው ተመለሱ ይባላል። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰንፍላወር የሚባለውን አውራጃ ደግሞ እዩት። ከዚያ አንድ አውራጃ ሁለት ሰዎች ወጥተዋል። አንዱ ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ናቸው፤ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቤተሰባቸው ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የእርሻ ድጎማ ይቀበል ነበር፤ የዚህ ድጎማ አንዱ ቅድመ ሁኔታ ከመሬቱ ከፊሉን ጥጥ ሳይዘሩ ማሳደር ነው። ሁለተኛዋ ፋኒ ሉ ሄመር ናቸው፤ የጭሰኛ ቤት ሃያኛ ልጅ፣ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ጥጥ የለቀሙ። በ1962 ለምርጫ ልመዝገብ ብለው ስለሄዱ ብቻ ባለእርሻው ከኖሩበት ቤት አስወጣቸው። በኋላ «ፍሪደም ፋርም» የሚባል የጋራ እርሻ አቋቁመው ለድሃ ቤተሰብ እርጉዝ አሳማ ያውሱ ነበር፤ ግልገሎቹ ለቤተሰቡ ይቀራሉ፣ እናቲቱ ወደ ማኅበሩ ትመለሳለች። የመንግሥት ብር ለሴናተሩ በፖስታ ይመጣላቸዋል፤ ወይዘሮዋ ደግሞ በየከተማው ንግግር እያደረጉ መዋጮ ይለምናሉ። እርሻቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ በዕዳ ፈረሰ።

እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ዴልታ ገንዘብ ያልደረሰው አገር አይደለም። ገንዘቡ ሁልጊዜ ይመጣል፤ በማን እጅ ይለፍ የሚለውን የሚወስን ሰው ግን ሁልጊዜ አለ፣ ውሳኔውም ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

የቅርቡን እንይ። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለድሃ እናቶች ይሰጥ የነበረውን የገንዘብ እርዳታ ወደ ግዛቶች አዛወረው፤ ዋሽንግተን ጠቅላላ ብር ይሰጣል፣ ግዛቱ እንዳሻው ይመድባል። ለሚሲሲፒ በዓመት 86 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳታል። ሦስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ከዚህ በወር ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ለረጅም ዓመታት 170 ዶላር ነበር፤ በ2021 ወደ 260 ከፍ አለ። እሱም ለተፈቀደለት ነው። በ2016 ካመለከቱት ሰዎች ከመቶ ሁለቱ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ታዲያ ብሩ የት ሄደ? በየካቲት 2020 የግዛቱ ዋና ኦዲተር ጉዳዩን ይዘው ሰዎች አሳሰሩ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሒሳብ ምርመራ ቢያንስ 77 ሚሊዮን ዶላር ያለአግባብ መውጣቱን አሳየ። ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮኑ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቮሊቦል አዳራሽ ተሠርቶበታል። የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ኃላፊ ጥፋተኛ ነኝ ብለዋል።

ሌብነቱ ያናድዳል። ለእኔ ግን ከሌብነቱ ይልቅ የሚገርመኝ ሕጋዊው ክፍል ነው። አንዲት ልጅ የያዘች እናት 260 ዶላር ለመጠየቅ የምታቀርበው ማስረጃ ክምር ነው፤ ሚሊዮኖቹ የወጡት ግን ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ነው። ድሃ የሚመረመረው እንዳይሰርቅ ተብሎ ነው ይባላል። ጃክሰን ከተማ ላይ አንዲት የነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይ ይህን ወሬ ሳነሳባት «እኛ ለምግብ ካርዱ የመብራት ደረሰኝ ይዘን ነው የምንሰለፈው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።



ብዙ ሰው «ለምን አይሠሩም?» ይላል፤ የእኛም ሰዎች ይሉታል፣ በተለይ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ሠርተን ያለፍን። ቁጥሩን እናስላ። ሚሲሲፒ የራሷ ዝቅተኛ የደሞዝ ሕግ የላትም፤ የምትሠራው በፌዴራሉ ነው፤ እሱም ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ አንድም ሳምንት ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። የ2025 የፌዴራል የድህነት መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ነው፤ አንድ ልጅ ካላት 21,150። የመስመሩ መሠረት ደግሞ በ1960ዎቹ ሞሊ ኦርሻንስኪ የተባሉ የመንግሥት ባለሙያ የርካሽ ምግብ ወጪን በሦስት አባዝተው ያሰሉት ነው፤ ቅንጦት የለበትም። ልጅም አካል ጉዳትም የሌለው ድሃ ጎልማሳ በዚህ ግዛት ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና ሽፋን አያገኝም፤ እስከ 2025 ድረስ ሽፋኑን ለማስፋት እምቢ ካሉት አሥር ግዛቶች አንዷ ሚሲሲፒ ናት። ለምግብ ሸቀጥ ደግሞ እስከ ሐምሌ 2025 ድረስ 7 በመቶ የሽያጭ ግብር ይከፈል ነበር፤ አሁን 5 ሆኗል።

የሚሠሩትስ? በ2021 ስድስት ጥቁር የእርሻ ሠራተኞች ዴልታ ውስጥ አንድ እርሻ ከሰሱ። በክሳቸው መሠረት ባለእርሻው ከደቡብ አፍሪካ በጊዜያዊ ቪዛ ነጭ ሠራተኞች እያስመጣ፣ በሰዓት ከ11 ዶላር በላይ ይከፍላቸዋል፤ ለአገሬው ሰው ግን 7 ከ25። መጤዎቹን ሥራ ያስለመዷቸውም እነሱ ከሳሾቹ ናቸው። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ዜናውን ያነበብኩት ትራኬ ውስጥ ተኝቼ ነበር፤ ከአፍሪካ ለሥራ የመጣሁ ሰው እንደመሆኔ ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ ለማወቅ ቸግሮኝ ስልኩን ዘጋሁት።

ቱኒካስ ምን ሆነች ለሚል፤ በ1992 የመጀመሪያው የቁማር ቤት ተከፈተባትና ከአሜሪካ ዋና ዋና የቁማር ከተሞች ተርታ ገባች። መንገዱ ሰፋ፣ አውራጃው ግብር ሰበሰበ። ከዚያ ፉክክር መጣ፤ ከሁሉ ትልቁ ካሲኖ በ2014 ተዘጋ። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሜዳ መሀል የቆመ ባዶ የመኪና ማቆሚያ አያለሁ፤ ዙሪያውን አኩሪ አተር ነው። አውራጃው ዛሬም ድሃ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ሚሲሲፒ አይለወጥም ብላችሁ እንዳትወስዱት። ግዛቱ በ2013 አንድ ሕግ አወጣ። ሦስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ወደ አራተኛ አያልፍም፤ ግን ልጁን ብቻ መቅጣት እንዳይሆን መምህራንን ማሠልጠን፣ ደካማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የንባብ አሠልጣኝ መመደብ፣ ንባብን ከፊደሉ ድምፅ ጀምሮ ማስተማር አብሮ ታዘዘ። በ2013 በአገር አቀፉ የአራተኛ ክፍል የንባብ ፈተና ከግዛቶች 49ኛ ነበረች፤ በ2024 9ኛ ሆነች። በጥጡ ምክንያት ትምህርት ቤት ይዘጋ የነበረበት ያው ግዛት ነው። ሽማግሌው ጥበቃ ወሬውን ያዞሩበት የልጅ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሳይቀር እያነበበች አስቸገረችን ብለው ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ።

«ስታድግ እዚህ ትቀር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ መንገዱ በአገጫቸው አመለከቱኝ። የዴልታ አውራጃዎች ሕዝብ በየቆጠራው እየቀነሰ ነው። በ2024 ያን የአራተኛ ክፍል ፈተና በደንብ ያለፉት ልጆች ሲወለዱ የሰዓቱ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ፈተናውን ሲወስዱም 7 ከ25 ነበር።